ስለ ቶኒ እጩዎች ስንከራከር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በየዓመቱ ሜይ ሲገባ በአሜሪካ ቴአትር ትልቁ የሚባለው የቶኒ ሽልማት እጩዎች ዝርዝር ይወጣል። ዝርዝሩ ተነብቦ ሳያልቅ ክርክሩ ይጀመራል። «እንዴት እሱ ይዘለላል?» «እሷን ደግሞ ማን አስታወሳት?» «ኮሚቴው ቴአትር አያይም እንዴ?» ወዳጅ ከወዳጅ እስከ መኮራረፍ ይደርሳል።

እኔ ይህን ክርክር ከሽልማቱ ሥነ ሥርዓት በላይ እወደዋለሁ። ቴአትር እንደ ፊልም ተቀምጦ አይጠብቅም። የመጨረሻው ትርኢት ሲያልቅ ዲኮሩ ይፈርሳል፣ አልባሳቱ ይሰበሰባል፣ ተዋናዩም ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያ ትወና የሚኖረው ያዩት ሰዎች ስለ እሱ ሲያወሩ ነው። ስለዚህ «ይህ ሥራ ይገባው ነበር» ብሎ መሟገት ቁም ነገር ነው። የሚያሳዝነኝ ቁም ነገሩ በጩኸት ሲባክን ነው።

ከዚህ በታች በየዓመቱ የሚደጋገሙትን ስህተቶች አንድ በአንድ አነሳለሁ። ምሳሌዎቹ ሁሉ ከኒውዮርኩ ብሮድዌይ፣ ዓመቶቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መወዳደር ይችል እንደነበር ሳያጣሩ «ተዘለለ» ማለት

ይህ የስህተቶች ሁሉ በር ከፋች ነው። ቶኒ የኒውዮርክ ቴአትር ሁሉ ሽልማት አይደለም፤ የብሮድዌይ ብቻ ነው። ብሮድዌይ የሚባሉት ደግሞ ማንሃተን ውስጥ ያሉ፣ 500 እና ከዚያ በላይ መቀመጫ ያላቸው 41 ቴአትር ቤቶች ናቸው። ከዚያ ያነሱ ቤቶች ውስጥ የታየ ሥራ፣ ኦፍ ብሮድዌይ የሚባለው፣ የቱንም ያህል ግሩም ቢሆን ለቶኒ አይቀርብም። አልተዘለለም፤ ውድድሩ ውስጥ አልነበረም።

ቀኑም አለ። የአንድ ወቅት በር አብዛኛውን ጊዜ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ይዘጋል። «ሐሚልተን» በ2015 መጀመሪያ ኦፍ ብሮድዌይ ላይ ሲታይ ከተማው ሁሉ ስለ እሱ ያወራ ነበር። ብሮድዌይ ላይ በይፋ የተከፈተው ግን ኦገስት ላይ ነው። ስለዚህ በ2015ቱ ቶኒ ስሙ የለም። በ2016 መጥቶ በ16 እጩነት ክብረ ወሰን ሰበረ፣ 11 ሽልማትም ወሰደ። የ2015ቱን ዝርዝር ብቻ ያየ ሰው ግን «ሐሚልተንን ረሱት» ሊል ይችላል።

ከዚህ የባሰ ጠባብ ምሳሌ አለ። በ2020 ወረርሽኙ ቴአትር ቤቶችን ማርች ላይ ዘጋ። አዘጋጆቹ የውድድሩን መዝጊያ ፌብሩዋሪ 19 አደረጉት፤ ከዚያ ወዲህ የተከፈቱትን ሥራዎች በቂ ሰው አላያቸውም ነበርና። «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» በድጋሚ ተዘጋጅቶ የተከፈተው ፌብሩዋሪ 20 ነው። በአንድ ቀን ቀረ! ቁጭቱ ይገባኛል። ቁጭቱ ግን በቀን መቁጠሪያው ላይ ነው እንጂ በኮሚቴው ጣዕም ላይ ሊሆን አይችልም።

ሌላው ተተኪ ተዋናዮች ናቸው። በ2022 «ፈኒ ገርል» ሲከፈት መሪ ተዋናይዋ ቢኒ ፌልድስቲን ነበረች። እሷ አልታጨችም። በሴፕቴምበር ሊያ ሚሼል ተክታት ገባች፣ አዳራሹም ሞላ። በቀጣዩ ዓመት «ሊያ እንዴት አትታጭም?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ተሰማ። መልሱ አጭር ነው፤ በመሃል የገባ ተተኪ አይወዳደርም።

የት ታየ? መቼ ተከፈተ? ከመጀመሪያው ነበረበት ወይ? እነዚህን ሦስቱን መጠየቅ ደቂቃ አይፈጅም፤ የክርክሩን ግማሽ ግን ይጨርሰዋል።

ማን እንደሚወጣ አለመናገር

«እሱ መግባት ነበረበት» ማለት ቀላል ነው። በማን ቦታ? ይህን ያልመለሰ ሰው የተናገረው ምኞቱን ነው። ወንበሩ የተቆጠረ ነው። በአንድ የትወና ዘርፍ አብዛኛውን ጊዜ አምስት እጩ ይኖራል፤ ድምፅ እኩል ሲሆን ወይም ሲቀራረብ ቁጥሩ ከፍ ይላል።

የ2022ን ሙዚቃዊ ያልሆነ ቴአትር ወንድ መሪ ተዋናይ ዘርፍ እንውሰድ። እጩዎቹ ሰባት ነበሩ። ሰባት! ያም ሆኖ «ማክቤዝ»ን የተጫወተው ዳንኤል ክሬግ አልገባም። ቲፎዞዎቹ ተቆጡ። እሺ፣ ይግባ። ማን ይውጣ?

ከሰባቱ ሦስቱ ከአንድ ሥራ የመጡ ናቸው፤ «ዘ ሌህማን ትሪሎጂ»። ሳይመን ራስል ቢል፣ አዳም ጎድሊ እና ኤድሪያን ሌስተር። ሦስት ሰዎች ብቻ የአንድ ቤተሰብን የብዙ ትውልድ ታሪክ ከሦስት ሰዓት በላይ ተሸክመው ይዘልቃሉ። መድረኩ ላይ የሚሽከረከር የመስታወት ክፍል አለ፣ ከጎን አንድ ፒያኖ ይሰማል። ተዋናዮቹ ከላያቸው ጥቁር ረጅም ኮታቸውን አይቀይሩም። ሽማግሌው ሙሽራ ሲሆን፣ ሙሽራዋ ሕፃን ስትሆን፣ ሕፃኑ የባንክ ባለቤት ሲሆን የሚለወጠው ድምፅ፣ የአንገት አዘነባበልና የእጅ አያያዝ ነው። ተመልካቹ ማን ማን እንደሆነ አይጠፋውም።

እንግዲህ ክሬግ ይግባ የምትሉ ሰዎች ይህን ፊት ለፊት ልትጋፈጡት ነው። «ከሦስቱ አንዱ ከሌሎቹ ያነሰ ነው፤ እሱም እከሌ ነው፤ ምክንያቱም በሁለተኛው ክፍል ላይ...» ስትሉ ክርክሩ ነፍስ ይዘራል። ሰው ይመልስላችኋል። ስለ ትወና ታወራላችሁ። ደግሞ ልብ በሉ፣ «ሦስቱ ከአንድ ቤት ስለሆኑ ድምፅ ይከፋፈላሉ፣ ሦስቱም ያጣሉ» የሚል ግምት ነበር። ሳይመን ራስል ቢል አሸነፈ። ይህ የድምፅ መከፋፈል የሚባለው ነገር አንዳንዴ ይሠራ ይሆናል፤ እንደ ሕግ ጠቅሶ መሟገት ግን አያዋጣም።

«ማን ይውጣ» የሚለው ጥያቄ ሰውን ጨካኝ አያደርግም። እንዲያውም ይገራል። የሚወጣውን ሰው ሥራ እንደገና እንድናስብ ያስገድደናል። ብዙ ጊዜ ሐሳባችንን የምንቀይረው እዚያ ላይ ነው።

ኮሚቴውን እንደ አንድ ሰው ማየት

«ለአዘጋጁ እጩነት ሰጥተው፣ ለተዋናዮቹ ሰጥተው፣ ቴአትሩን ራሱን እንዴት ይነፍጉታል? እርስ በርሱ ይጋጫል!» ይህ ክስ በ2019 ስለ «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» ተደጋግሞ ተሰምቷል። ሥራው ዘጠኝ እጩነት አገኘ፤ ከዘጠኙ አንዱም «ምርጥ ቴአትር» አልነበረም።

ችግሩ «እነሱ» የሚለው ቃል ላይ ነው። እጩዎቹን የሚመርጡት ከቴአትር ሙያ የተውጣጡ ብዙ ሰዎች ናቸው። ድምፃቸው ምስጢር ነው። ዝርዝሩ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ተመካክረውና አመጣጥነው ያወጡት ደብዳቤ አይደለም፤ የቆጠራ ውጤት ነው። ለመሪ ተዋናዩ ለጄፍ ዳንኤልስ ትወና ድምፁን የሰጠ ሰው ልብ ወለዱን ለመድረክ ለጻፈው ለአሮን ሶርኪን ጽሑፍ ላይሰጥ ይችላል። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የታወቀ ልብ ወለድ ወደ መድረክ ሲመጣ ደግሞ «አዲሱ ጽሑፍ ራሱን ችሎ የት ድረስ ይሄዳል?» ብሎ መጠየቅ ያለ ነገር ነው። በዚያ ዓመት በምርጥ ቴአትር ዘርፍ የገቡት «ዘ ፌሪማን»፣ «ኳየር ቦይ»፣ «ኢንክ»፣ «ጋሪ» እና «ዋት ዘ ኮንስቲቲውሽን ሚንስ ቱ ሚ» ነበሩ። አምስቱም የራሳቸው ጠበቃ አላቸው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ መምታታት አለ። እጩ የሚያቀርቡትና አሸናፊውን የሚመርጡት አንድ አይደሉም። አሸናፊው የሚወሰነው ከ800 በላይ በሆኑ ድምፅ ሰጪዎች ነው። ፕሮዲውሰሮች፣ ተዋናዮች፣ አዘጋጆች፣ ሌሎችም የሙያው ሰዎች አሉበት። ስለዚህ «በ12 ዘርፍ አጭተው አንድም ሳይሰጡት ቀሩ፣ አሾፉበት» የሚለው ቁጣ አድራሻው ተሳስቷል። ያጨው ሌላ፣ ያልመረጠው ሌላ ነው።

ሴራ ፍለጋውንም እዚህ ላይ ብናቆመው ደስ ይለኛል። ቴአትር ውስጥ ወዳጅነትም ቂምም የለም አልልም፤ የሰው ሥራ ነው። ማስረጃ የሌለው ሴራ ግን ክርክር ይዘጋል። «አድልዎ ነው» ከተባለ በኋላ ስለ ትወናው ምን ይወራል?

ዝናንና የትኬት ገቢን እንደ ማስረጃ ማቅረብ

የ2025 ወቅት ለዚህ ትምህርት ቤት ነው። ዴንዘል ዋሽንግተንና ጄክ ጂለንሃል «ኦቴሎ»ን ይዘው መጡ። የአንዳንዱ መቀመጫ ትኬት እስከ 921 ዶላር ደረሰ። በሳምንት ከ2.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። እጩዎች ሲታወቁ አንድም አላገኘም። ባዶ።

ወዲያው ሁለት ወገን ተፈጠረ። አንዱ «ዴንዘልን የሚያህል ሰው! ሕዝብ ተሰልፎ እያየው!» አለ። ሌላው «እሰይ፣ ለትኬት ዋጋቸው ቅጣት ነው» አለ። ሁለቱም መድረኩን አላነሱም። የመጀመሪያው ስለ ሰውየው ስም፣ ሁለተኛው ስለ ኪሱ ነው ያወራው።

የ«ቅጣት ነው» ወገን ደግሞ በዚያው ዓመት በቆመ ምሳሌ ይሸነፋል። ጆርጅ ክሉኒ «ጉድ ናይት፣ ኤንድ ጉድ ላክ»ን ይዞ መጣ። ትኬቱ ውድ ነበር፣ በሳምንት ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ በማስገባትም ሙዚቃዊ ላልሆነ ቴአትር አዲስ ክብረ ወሰን ሆነ። ክሉኒ ታጨ። ውድ ትኬት የሚያስቀጣ ቢሆን እሱ ቀዳሚው ተቀጪ በሆነ ነበር። በዚያው ወቅት «ግሌንጋሪ ግሌን ሮስ» ላይ ኪራን ከልኪን፣ ቦብ ኦደንከርክና ቢል በር አብረው ተጫወቱ። ሦስቱም የታወቁ ናቸው። የታጨው ኦደንከርክ ብቻ ነው። ስም ቢያስገባ ሦስቱም፣ ስም ቢያስወጣ አንዳቸውም አይገቡም ነበር።

ቀድሞ የተሸለመ መሆንም ዋስትና አይሰጥም። ኦድራ ማክዶናልድ በ2016 ስድስት ቶኒ ነበራት፤ በትወና ብዙ ቶኒ የወሰደ እሷን የሚስተካከል አልነበረም። የዚያን ዓመት የተጫወተችበት «ሹፍል አሎንግ» አሥር እጩነት ሲያገኝ የእሷ ስም ግን አልነበረበትም። ይህ ስለ እሷ ችሎታ የሚናገረው የለም። በዚያ ዓመት፣ በዚያ ሚና፣ ከእነዚያ ተፎካካሪዎች ጋር የሆነ ነገር ነው።

ስለ «ኦቴሎ» መከራከር የሚፈልግ ሰው የሚይዘው ሌላ ነው። ኢያጎ ተመልካቹን ወደ ራሱ የሚስበው የት ላይ ነው? ኦቴሎ እምነቱ ሲሰበር እናያለን ወይስ ተሰብሮ እናገኘዋለን? ዘመናዊው አልባሳት ታሪኩን አቀረበው ወይስ አራቀው? እነዚህን ይዞ የመጣ ሰው «መታጨት ነበረበት» ቢልም «አይገባውም» ቢልም እሰማዋለሁ።

ያላዩትን ሥራ በእርግጠኝነት መፍረድ

እጩ አቅራቢዎቹ አንድ ግዴታ አለባቸው፤ የወቅቱን ተወዳዳሪ ሥራዎች ማየት። እኛ ተከራካሪዎቹ ግን ይህ ግዴታ የለብንም። ብዙዎቻችን ሩቅ ነን። ብሮድዌይ ውድ ነው፣ ርቀቱም ሌላ ወጪ ነው። ሁሉንም ያላየ አይናገር ማለት ክርክሩን ለሀብታሞች ብቻ መስጠት ይሆናል፤ እኔ አልስማማበትም።

የሚያስፈልገው አቅምን አውቆ መናገር ነው። የዘፈኖቹን ቅጂ ሰምታችኋል? ስለ ዘፈኑ፣ ስለ ግጥሙና ስለ ድምፁ ሙሉ መብት አላችሁ። የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ አይታችኋል? ያ ቪዲዮ ለማስታወቂያ የተመረጠ ነው፤ ካሜራው የት እንደምታዩ ወስኖላችኋል። ቴአትር ላይ ግን ዓይን ነፃ ነው። አንድ ተዋናይ ሳይናገር ጥግ ላይ ቆሞ የሌላውን ቃል የሚሰማበት መንገድ፣ መብራቱ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ አዳራሹ የሚሆነው ዝምታ፣ እነዚህ ቅጂ ላይ የሉም። ስክሪፕቱን አንብባችኋል? ስለ ጽሑፉ ተሟገቱ፤ ስለ አዘገጃጀቱ ግን ዝም ማለት ያስከብራል።

«ያየሁት ይህን ያህል ነው» ብሎ የጀመረ ሰው ከሁሉም በላይ ይታመናል።

ዘርፉ እንዴት እንደሚወሰን አለማወቅ

ይህ ሰፊ ጉዳይ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

መሪ ተዋናይና ረዳት ተዋናይ የሚለየው በሚናው ርዝመት ይመስለናል። የቶኒ መነሻ ሕግ ሌላ ነው፤ የተዋናዩ ስም ከቴአትሩ ርዕስ በላይ ነው ወይስ በታች የተጻፈው? በመክፈቻው ዕለት ፕሮግራም ላይ ከርዕሱ በላይ ከሆነ መሪ፣ በታች ከሆነ ረዳት። ፕሮዲውሰሮች «ይቀየርልን» ብለው ማመልከት ይችላሉ፣ የአስተዳደር ኮሚቴም ይወስናል። ስለዚህ አንድ ሰው የት ዘርፍ እንደሚገባ የሚወሰነው እጩ አቅራቢዎቹ ድምፅ ከመስጠታቸው አስቀድሞ ነው። «ለምን ረዳት አደረጉት?» የሚለው ቅሬታ ወደ እነሱ መሄድ የለበትም።

«ስቴሪዮፎኒክ»ን እዩት። የ2024 ምርጥ ቴአትር ነው፤ በ13 እጩነትም ከሙዚቃዊ ውጪ ላለ ቴአትር ክብረ ወሰን ይዟል። ታሪኩ የሚካሄደው አንድ ባንድ አልበም በሚቀዳበት ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ከፊት የመቅጃ ማሽኑ አለ፣ ከኋላ በመስታወት የተለየው የሙዚቀኞቹ ክፍል። ኢላይ ጌልብ የተጫወተው የድምፅ መሐንዲሱን ነው። ማሽኑ ላይ ተቀምጦ የሌሎችን ጭቅጭቅ ይሰማል፣ ቁልፍ ይጫናል፣ ያልቃል የማይመስለውን ሌሊት ይገፋል። የቴአትሩ ዓይን እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የታጨው ግን በረዳት ተዋናይ ነው፤ እንደ ባልደረቦቹ። ከዚሁ ሥራ በዚያው ዘርፍ ሦስት ወንዶች ገቡ፣ ዊል ብሪል አሸነፈ። እዚህ ላይ መከራከር ከፈለግን ርዕሱ «ጌልብ ለምን አላሸነፈም» ሳይሆን «መሪ የሌለውን የጋራ ሥራ መሪና ረዳት ብሎ መክፈል ይሆናል ወይ» መሆን አለበት።

ልጆቹም አሉ። በ2009 «ቢሊ ኤሊየት»ን የሚጫወቱት ሦስት ልጆች በፈረቃ ነበሩ። የአስተዳደር ኮሚቴው ሦስቱን እንደ አንድ እጩ ቆጠራቸው፣ አንድ ላይ አሸነፉ። በ2013 ማቲልዳን በፈረቃ የሚጫወቱት አራት ልጃገረዶች ግን ከትወናው ውድድር ውጪ እንዲሆኑ ተወሰነና የክብር ሽልማት ተሰጣቸው። የቀደመውን የሚያውቅ ሰው የኋለኛውን መጠየቁ ትክክል ነው። ይህ ጠንካራ ክርክር ነው፤ በሕጉ አፈጻጸም ላይ ስለሆነ።

«ሹፍል አሎንግ» ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ፕሮዲውሰሮቹ ከ1921 የመጣ ሥራ ስለሆነ በነባር ሥራ ዘርፍ ይወዳደር ብለው ፈልገው ነበር። አዲስ ሙዚቃዊ ቴአትር ተባለ። ያ ማለት በቀጥታ ከ«ሐሚልተን» ጋር መጋጠም ነው። አሥር እጩነት ይዞ ባዶ እጁን ወጣ። በሌላው ዘርፍ ቢሆን ታሪኩ የተለየ በሆነ ነበር ብዬ አምናለሁ። መዝለልን ስንፈልግ እጩነት ላይ ብቻ እናተኩራለን፤ እጣ ፈንታው ግን አንዳንዴ የሚወሰነው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው።

የተወዳዳሪውን ብዛት ሳያዩ መደነቅ

በ2020ው ወቅት የሙዚቃዊ ቴአትር ወንድ መሪ ተዋናይ ዘርፍ አንድ እጩ ብቻ ነበረው፤ የ«ሙላን ሩዥ» ተዋናይ አሮን ትቬት። ሰው ሁሉ ጉድ አለ። ወቅቱ በመሃል ስለተቆረጠ ግን መወዳደር የሚችሉት ሁለት ብቻ ነበሩ። ትቬት ብቻውን ሆኖም እንዲሁ አልተሰጠውም፤ ከድምፅ ሰጪዎቹ 60 በመቶው «ይገባዋል» ማለት ነበረባቸው። አሉም።

በዚያው ዓመት በኦሪጅናል ሙዚቃ ዘርፍ የገቡት አምስቱም ሙዚቃዊ ያልሆኑ ቴአትሮች ናቸው። ለዚያ ዘርፍ የሚበቃ አዲስ ሙዚቃ የነበረው ሙዚቃዊ ሥራ «ዘ ላይትኒንግ ቲፍ» ብቻ ነበርና እሱም ተዘለለ። እዚህ ላይ ነው «ተዘለለ» የሚለው ቃል በትክክል የሚገባው። በር ክፍት ነበር፣ ቦታ ነበር፣ አልተጠራም። ሥራውን የሚወዱ ሰዎች ቢቆጡ አልፈርድባቸውም።

የእጩነት ብዛትን እንደ ሚዛን መቁጠር

ሙዚቃዊ ቴአትር ብዙ በር አለው። ዜማ፣ ጽሑፍ፣ ውዝዋዜ፣ የኦርኬስትራ ቅንብር ሁሉ የራሳቸው ዘርፍ አላቸው። ተራው ቴአትር ያን ያህል የለውም። ስለዚህ ለተራ ቴአትር ስምንት ትልቅ ነው፤ ለትልቅ ሙዚቃዊ ሥራ ግን መካከለኛ ነው። ሁለቱን በቁጥር ማወዳደር ያሳስታል።

ብዙ እጩነትም ድል አይደለም። «ዘ ስኮትስቦሮ ቦይስ» በ2010 መጨረሻ ብሮድዌይ ላይ ሁለት ወር እንኳ ሳይቆይ ተዘጋ። ከወራት በኋላ በ12 ዘርፍ ታጨ። ይህ «የተዘጋ ሥራ ይረሳል» ለሚሉ ሰዎች ጥሩ መልስ ነው። አንድም ግን አላሸነፈም። «ስሌቭ ፕሌይ»ም እንዲሁ 12 አግኝቶ ባዶውን ተመለሰ።

መዝለሉን የመጨረሻ ፍርድ አድርጎ ማልቀስ

ዳንኤል ራድክሊፍ ብሮድዌይ ላይ በ«ኢኩዎስ»፣ ከዚያ በ2011 እና በ2014 በሌሎች ሁለት ሥራዎች ተጫወተ። አልታጨም። በ2024 በ«ሜሪሊ ዊ ሮል አሎንግ» ለመጀመሪያ ጊዜ ታጨ፣ አሸነፈም። «ፋይንዲንግ ኔቨርላንድ» በ2015 አንድም እጩነት ሳያገኝ እስከ 2016 ክረምት ድረስ ዘልቋል። ትልቅ ሽልማት የትኬት ሽያጭን ይረዳል፤ የእሱ አለመኖር ግን ሁልጊዜ አይገድልም።

የታጨውን ሰው ማጥቃት

ይህን በአጭሩ ግን በብርቱ እላለሁ። ያልጠበቅነው ሰው ሲታጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙ የወጣ ሊሆን ይችላል። በሳምንት ስምንት ጊዜ መድረክ ይወጣል። የዚያን ቀን ስልኩን ከፍቶ «ማን ነው ይሄ? የእከሌን ቦታ ቀማ» የሚል ያነባል። ቦታ አልቀማም። ራሱን አላጨም።

«ማን ይውጣ?» የሚለውን መልሱ ስትባሉ ስለ ሥራው ተናገሩ፤ ስለ ሰውየው መልክ፣ ዕድሜ፣ ወይም «ከየት የመጣ» ስለመሆኑ አይደለም።

በ1996 ጁሊ አንድሪውስ ያደረገችው አለ። «ቪክተር/ቪክቶሪያ» ያገኘው አንድ እጩነት ብቻ ነበር፤ የእሷ። ከሜይ 8ቱ የቀን ትርኢት በኋላ መድረኩ ላይ ቆማ እጩነቱን እንደማትቀበል፣ ከተዘለሉት ባልደረቦቿ ጋር መቆም እንደምትመርጥ ተናገረች። ትክክል ናት አይደለችም የሚለው እስካሁን ያከራክራል። እኔ እጩነትን መመለስ ለሌሎቹ እጩዎች ደስታ ጥላ ያጠላል ባይ ነኝ። የተናገረችው ግን ስለ ጓደኞቿ ሥራ ነው፤ የሌላ ቴአትር እጩን አላነሳችም። ተቃውሞ እንዲህም ይቻላል።

ከዝርዝሩ ግማሽ በታች አለማንበብ

ክርክራችን ሁሉ ተዋናዮች ላይ ያልቃል። ዲኮር፣ አልባሳት፣ መብራት፣ ድምፅ ዝርዝሩ ታች ላይ ስላሉ አናነባቸውም። በዚህ ምክንያት የሆነውን እንይ። የድምፅ ዲዛይን የቶኒ ዘርፍ የሆነው በ2008 ነው። በ2014 ሰረዙት። በወቅቱ ከተነገሩት ምክንያቶች አንዱ ብዙ ድምፅ ሰጪዎች የድምፅ ዲዛይንን እንዴት እንደሚመዝኑ አያውቁም የሚል ነበር። ለቴአትር ሰው ይህ ያማል። የድምፅ ባለሙያው ነው ሹክሹክታ መጨረሻው ረድፍ ድረስ እንዲደርስ የሚያደርገው። ዘፋኙ ከኦርኬስትራው በላይ ሳይጮህ የሚሰማውም በእሱ ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ፊርማ አሰባስበው ተቃወሙ። ዘርፉ ከ2017–18 ወቅት ጀምሮ ተመለሰ። ከሁሉም «ተዘለለ» ክርክሮች ውጤት ካመጡት አንዱ ይህ ነው፤ ያለ አንድ ዝነኛ ስም።

አሁንም በር የሌላቸው አሉ። በ2018 የተዋናዮች ማኅበሩ ለጋራ ትወናና ለኅብረ ዘማሪዎች ዘርፍ ይከፈት ብሎ ዘመቻ ጀምሮ ነበር። ከኋላ ሆነው ሃያ ጊዜ ልብስ እየቀየሩ ሲዘፍኑና ሲጨፍሩ የሚያመሹት ሰዎች በየትኛውም ዓመት ዝርዝር ውስጥ አታገኟቸውም። ስለ እነሱ የምትከራከሩ ከሆነ እጩ አቅራቢዎቹን ተዉአቸው። ጥያቄው የሚቀርበው ዘርፍ መክፈትና መዝጋት ለሚችለው አካል ነው።